የጠዋቱ ለሰው፣ የማታው ለጥርስ

ጥርስ መቼ ይታጠባል የሚለው ክርክር ሁልጊዜ የሚነሳው ስለ ጠዋት ነው። አንዱ «ያደረ አፍ ይዤ እንዴት ቁርስ እበላለሁ?» ይላል፤ ሌላው «ታጥቤ ስጨርስ መልሼ ላቆሽሸው ነው?» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም ትናንት ማታ ከእራት ተነስተው በቀጥታ አልጋቸው ላይ ወጥተው ይሆናል፤ ያንን ግን ማንም እንደ ጉዳይ አያነሳውም። ባለፉት 80 ዓመታት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የተጻፈውን አሰባስቦ ላየ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከቁርስ በፊት ይሁን ከቁርስ በኋላ ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም፤ ስለ ማታው ግን የረባ ጠብ የላቸውም። ጠብ ከሌለበት እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን አፍ ውስጥ ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር ማየት ይቀድማል።

በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) መጀመሪያ ሮበርት ስቴፈን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎችን በስኳር ውሃ እያስጉመጠመጠ ጥርሳቸው ላይ በተጣበቀው ስስ ሽፋን ውስጥ ያለውን አሲድ ለካ። ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት ይህ ሽፋን የምግብ ትራፊ ብቻ አይደለም፤ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች የሰፈሩበት ነው። ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ። ስቴፈን እንዳየው አሲዱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጣሪያ ይነካል፤ ከዚያ በምራቅ እየታጠበ ወደ ነበረበት ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ጠንካራ የላይ ክፍል፣ ማለትም ኢናሜሉ፣ ካልሲየምና ፎስፌት መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ደግሞ ያንኑ ማዕድን መልሶ ያስቀምጥለታል። ጥርስ የሚበላው ይህ የመስጠትና የመቀበል ሂሳብ ለወራት ሲዛባ ነው እንጂ አንድ ቀን ከረሜላ ስለተበላ አይደለም።

ይህን ይዘን ወደ ቡናችን እንምጣ። አቦል በሁለት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ቶና ይመጣል፤ በረካ ይከተላል፤ በመሐሉ ቆሎና ፈንዲሻ ይቆረጠማል። አንዱ ስኒ ያመጣው አሲድ ሳይረግብ ሌላው ስለሚደርስ አፍ እስከ ጀበናው መጨረሻ ፋታ አያገኝም። ያው ስኳር በአንድ ስኒ ተጠቃሎ ቢጠጣ ጉዳቱ ያንስ ነበር። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በስዊድን ሉንድ ከተማ ቪፐሆልም በሚባል የአእምሮ ሕሙማን ተቋም በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. በተካሄደ ሙከራ፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ፣ ለሕሙማኑ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ በምግብ መሐል እየተሰጠ ጥርሳቸው እንዴት እንደሚበላ ታየ። በ1954 የታተመው ውጤት ከስኳሩ መጠን ይልቅ ድግግሞሹና በምግብ መሐል መወሰዱ ጥርስን እንደሚጎዳ አሳየ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የለም፤ ግኝቱ ግን እስካሁን ከጥርስ ሕክምና መማሪያ አልወጣም።

ታዲያ ከእያንዳንዱ ስኒ በኋላ ብሩሽ እናንሳ? አይሆንም፤ አያስፈልግምም። ቀን ቀን ምራቅ አለ። እየተናገርን፣ እያኘክን፣ እየዋጥን ስንውል በሊትር የሚቆጠር ፈሳሽ ጥርሳችንን ሲያጥብ ይውላል። ስኳር ያልገባበት ወይም በጨው የተጠጣ ቡናም ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። ችግሩ የሚመጣው ምራቅ ሥራ ሲያቆም ነው።

የሚያቆመው ደግሞ ማታ ነው። በምራቅ ጥናት ስሙ የሚነሳው ኮሊን ዶውስ በ1972 ባሳተመው ሥራ የምራቅ ፍሰት የቀንና የሌሊት ዑደት እንዳለው በልኬት አሳይቷል። እንቅልፍ ሲወስደን ፍሰቱ ወደ ምንም ይጠጋል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ የሚያንኮራፋ፣ ወይም ለደም ግፊትና ለድብርት የሚሰጡትን አንዳንድ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደግሞ ያችኑም አያገኛትም። እንግዲህ እራት ላይ የተበላው፣ ከእራት በኋላ የተጠጣው ሻይ በስኳር፣ ከመኝታ በፊት የተቀመሰችው ብስኩት፣ ሁሉም ጥርስ ላይ እንደተጣበቁ ሰባትና ስምንት ሰዓት ያድራሉ። አሲዱን የሚያጥብ የለም፤ ማዕድኑን የሚመልስ የለም።

የማታው ቡረሻ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ምግቡንና ሽፋኑን ማንሳት ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ፍሎራይድ አስቀምጦ ማለፍ። በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ከጥርሱ የወጣው ማዕድን ወደ ኢናሜሉ እንዲመለስ ያግዛል፤ በዚህ መልክ የተጠገነው ጥርስም አሲድን ይበልጥ ይቋቋማል። ምራቅ በሚፈስበት ቀን ፍሎራይዱ ቶሎ ይታጠባል፤ ሌሊት ግን ምራቅ ስለሚያንስ አፍ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ያ የምራቅ እጥረት፣ ሳይቦረሽ ለተኛ ጠላት ሲሆን ቦርሾ ለተኛ ወዳጅ ነው። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት በቀን ሁለት ጊዜ ብሎ ሲመክር አንዱን ከመኝታ በፊት ብሎ ቁርጥ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ሌላውን «በሌላ አንድ ጊዜ» ብሎ ለቤተሰቡ ይተወዋል። ይህ አቀማመጥ ትክክለኛ ሚዛን ይመስለኛል። ኮክሬን የተባለው የጥናት ግምገማ ማኅበር በ2003 ያወጣው ማጠቃለያም በፍሎራይድ ሳሙና የሚቦርሹ ልጆችና ታዳጊዎች የጥርስ መበላት በ24 በመቶ እንደሚቀንስላቸውና ጥቅሙ በተደጋጋሚ ለሚቦርሹት ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

በ2023 ከጃፓን ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የወጣ ጥናት ነገሩን ወደ ልብ ወስዶታል። ከ1,500 በላይ ሕሙማንን ተከታትሎ ማታ የማይቦርሹት በልብና በደም ሥር ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ ጻፈ። ጋዜጦችም «ማታ አለመቦረሽ ልብ ይጎዳል» ብለው አራገቡት። እኔ እዚህ ላይ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ማታ የሚቦርሽ ሰው ባብዛኛው ሌላውንም ጤናውን የሚጠብቅ ነው፤ ሲጋራውን፣ ምግቡን፣ የሐኪም ቀጠሮውን። የድድ መቆጣትና የልብ ሕመም እንደሚገናኙ የሚያሳዩ ብዙ ጥናቶች አሉ፤ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የማታው ቡረሻ ልብን ባያድን እንኳን መንጋጋን ያድናል፤ ያ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን እኛ ዘንድ በስፋት የሚበላሸው ነገር ላይ ልቁም። ቦርሸን ስንጨርስ ምን እናደርጋለን? በጆግ ወይም በኩባያ ውሃ እየቀዳን አፋችን «እስኪጠራ» እንጉመጠመጣለን። የሳሙናው ጣዕም ከጠፋ ንጹሕ ሆንን እንላለን፤ ጣዕሙ ሲጠፋ ፍሎራይዱም አብሮ ሄዷል። በስኮትላንድ ታዳጊዎች ላይ ተሠርቶ በ1992 የታተመ ጥናት በኩባያ ውሃ እየተጉመጠመጡ የሚያጠቡት ከሌሎቹ ይልቅ ጥርሳቸው ይበላ እንደነበር አሳይቷል። ምክሩ አጭር ነው፤ አረፋውን መትፋት፣ በውሃ አለማጠብ፣ ከዚያ ወዲያ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ መተኛት። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ አፍ ውስጥ የሚቀረው ሚንት ያስቸግራል፤ ከቀናት በኋላ ይለመዳል። የውሃ ፈረቃ በሚታወቅበት ከተማ ደግሞ ይህ ምክር ሌላም ጥቅም አለው። «ማታ ውሃ ስለሌለ» የሚለው ሰበብ ዋጋ ያጣል፤ ለመቦረሽ የሚያስፈልገው ብሩሹን የሚያርስ ጠብታ ብቻ ነውና።

ወደ ጠዋቱ ጠብ እንምጣ።

ያደረ አፍ የሚሸተው ሌሊቱን ምራቅ ባጣው አፍ ውስጥ ባክቴሪያዎች የሰልፈር ጋዝ ሲያመርቱ ስላደሩ ነው። የጠዋቱን መታጠብ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ሰላም የምንላቸው፣ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የሚቀመጡት፣ የቢሮ ባልደረባችን። ከቁርስ በፊት ቦርሹ የሚሉት ወገኖች ግን ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላቸው። ሌሊቱን የደለበው ሽፋን ስኳሩ ከመምጣቱ በፊት ከተነሳ አሲድ የሚያመርት ሠራዊት አይኖርም፤ ፍሎራይዱም ቀድሞ ቦታውን ይይዛል፤ የብሩሹ ፍትጊያም ምራቅን ይቀሰቅሳል። ከቁርስ በኋላ የሚሉት ደግሞ ጥርስ መሐል የተሰነገ ፍርፍርና ዳቦ ይዞ መዋል ምን ትርጉም አለው ይላሉ።

በመሐላቸው የገባው አሲድ ያለበት ምግብ ነው። የብርቱካን ጭማቂ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የእኛው እንጀራም ጭምር፤ የቦካ ሊጥ ፒኤቹ ከ4 በታች ይወርዳል። አሲድ የነካው ኢናሜል ለጊዜው ስለሚለሰልስ ወዲያው ቢቦረሽ ይፋቃል የሚለው ስጋት ከዚህ መጣ። ተመራማሪው ቶማስ አቲንና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች የኢናሜል ቁራጮችን አፋቸው ውስጥ ይዘው እንዲውሉ አድርገው፣ ከአሲድ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ይሻላል አሉ። «30 ደቂቃ ጠብቁ»፣ «አንድ ሰዓት ጠብቁ» እያለ በየክሊኒኩ የሚነገረው ምክር ከእንዲህ ያሉ ሥራዎች የመጣ ነው።

ከዚያ ተቃውሞ መጣ። በስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ አድሪያን ሉሲና ባልደረቦቹ በ2014 ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው፣ አራት ሰዓታት ሙሉ ቢጠበቅ እንኳን ልዩነቱ በተግባር የሚረባ አይደለም አሉ። በ2017 ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ የወጣው ጥናት ደግሞ ጥርሳቸው በአሲድ የተሸረሸረና ያልተሸረሸረ ሰዎችን አነጻጸረ። ከጉዳቱ ጋር የተያያዘው ከአሲድ በኋላ ቶሎ መቦረሽ አልነበረም፤ አሲድ ያለበትን ነገር በምግብ መሐል ደጋግሞ መውሰድ፣ መጠጡን አፍ ውስጥ ይዞ ማቆየትና ማንሸራሸር ነው። ደቡብ ኮሪያውያን ደግሞ ልጆቻቸውን ከየምግቡ በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ለ3 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ እያሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ «ጠብቁ» ከሚለው ምክር ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ልማድ ነው።

ፍርዴን ልስጥ። ቁርሱ ሻይ በሎሚ፣ ጭማቂ ወይም ኮምጣጣ ነገር ያለበት ከሆነ ከቁርስ በፊት መቦረሽ ጠቡን ከነአካቴው ያስቀረዋል፤ ማንም አይጎዳበትም። ቁርሱ ገንፎ፣ ጨጨብሳ ወይም እንቁላል ከሆነ የፈለጉት ጊዜ ይቦርሹ። ከቁርስ በፊት ጊዜ የሌለው ደግሞ ከቁርስ በኋላ ይቦርሽ፤ የግማሽ ሰዓት ደንብ ሲጠብቅ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ ሳይቦርሽ ከሚውል ወዲያው ቢቦርሽ ይሻለዋል። አንድ ነገር ብቻ ያለ ክርክር ይለይ። ማስታወክ ሲኖር፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሳቸው፣ ወይም የጨጓራ አሲድ ወደ አፍ ሲመለስ፣ ወዲያው አይቦረሽም። የጨጓራ አሲድ ከሎሚም ይበረታል። በንጹሕ ውሃ ወይም ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውሃ ተጉመጥምጦ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይሻላል።

ግን በቀን ሁለቴ መሆኑስ ከየት መጣ? ተመራማሪው ሃራልድ ሎ በ1965 በታተመ ሙከራ ዴንማርክ ኦርሁስ ውስጥ ባብዛኛው ተማሪ የሆኑ ጥቂት ፈቃደኞችን ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ። በ1973 ደግሞ ላንግ የተባለ ተመራማሪና ሎ በጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላይ አድርገው ባሳተሙት ሙከራ ሽፋኑን በየ48 ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ ያነሱት ድዳቸው ጤነኛ ሆኖ ቀረ። ሁለት ቀን አንዴ! እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። እነዚያ ተማሪዎች የቦረሹት እንደ ባለሙያ፣ አንዲት ጥግ ሳይስቱ ነው። እኛ ፊት ለፊት ያሉትን ስድስት ጥርሶች አሳምረን ከኋላ ያለውን መንጋጋ ነካ አድርገን ነው የምናልፈው። ሁለቴ የምንለው የመጀመሪያው የሳተውን ሁለተኛው እንዲያገኘው፣ ፍሎራይዱም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲጎበኘን ነው። ከሰዓት ይልቅ ጥንቃቄ ይበልጣል ቢባል እንኳን፣ ማታ ጥድፊያ ስለሌለ ጥንቃቄ የሚገኘው ማታ ነው።

መፋቂያስ? ወይራም ይሁን ልምጭ መፋቂያ የሚፎካከረው የለም ብዬ ባልከራከርም፣ እንደ ኋላ ቀር ነገር ሲታይ ግን እናደዳለሁ። በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አጠቃቀሙን የተማሩ ልጆች በመፋቂያ ሽፋኑን የሚያነሱት ከብሩሽ ባልተናነሰ እንደሆነ አሳይቷል። የመፋቂያ ትልቁ ሀብቱ ጊዜ ነው። ሁለት ደቂቃ መቦረሽ የሚሰለቸው ሰው መንገድ እየሄደ፣ ፀሐይ እየሞቀ፣ ወሬ እያወራ ግማሽ ሰዓት ይፍቃል። ሁለት ጉድለት አለበት። ፍሎራይድ አያስቀምጥም፤ የጥርስን የውስጥ ወገንም ለመድረስ ይቸግራል። ሦስተኛም አለ፣ የልማዱ ሰዓት። መፋቂያ የጠዋትና የመንገድ ነገር ነው፤ መብራት አጥፍቶ ሊተኛ ሲል የሚፍቅ ሰው እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ቀን በመፋቂያ፣ ማታ በብሩሽና በሳሙና (በአገርኛው «ኮልጌት» በምንለው፣ የማንም ፋብሪካ ቢሆን) የሚያደርግ ሰው ከሁለቱም ወገን የተሻለውን ወሰደ።

ስለ ሰዓት እስልምናም በዝርዝር ይናገራል። ሚስዋክ፣ ማለትም መፋቂያ፣ ከእንቅልፍ ሲነቁ፣ ለውዱእ (ከሶላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ)፣ ለየሶላቱ የተወደደ ነው፤ ይህም በቀን አምስት ጊዜ አፍን መጎብኘት ማለት ነው። በረመዳን ግን ልዩነት አለ። በአገራችን ብዙ ተከታይ ያለው የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ወገን) ጾመኛ ከቀትር በኋላ ሚስዋክ መጠቀሙን የተጠላ ሲል ሐነፊና ማሊኪ ቀኑን ሙሉ ይፈቅዳሉ። ከጥርስ አንጻር ካየነው የረመዳን ቁልፍ ሰዓት ሱሁር፣ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት የሚበላው ምግብ፣ ነው። ተምርና ጣፋጭ ከተበላበት ሌሊት በኋላ ምራቅ የሚያንስበት ረጅም ቀን ይከተላል፤ ከሱሁር በኋላ፣ ፈጅር ሳይገባ መቦረሽ የሌላውን ጊዜ የመኝታ ቡረሻ ቦታ ይይዛል።

በኦርቶዶክሱ ወገን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት ሳሙና ቢነካው ጾሜን ገደፍኩ ወይ እያለ ይጨነቃል፤ የቆረበ ደግሞ መትፋት ስለማይገባው በዚያ ቀን ብሩሽ አያነሳም። ይህን የሚፈታው የንስሐ አባት እንጂ ጸሐፊ አይደለም። ጥርሱን በተመለከተ ግን ቀላል መንገድ አለ፤ በዋዜማው፣ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ በደንብ ቦርሾ መተኛት። ጠዋት ምንም ስኳር ካልገባ የአንድ ቀን ጠዋት ቡረሻ መቅረት ጥርስ አያበላሽም። ትንፋሽ ይጎዳል፣ ያ ሌላ ነው።

«ማታ» ስል የፀሐይን መግባት አይደለም። ሌሊቱን በር የሚጠብቅ ዘበኛ፣ ተረኛዋ ነርስ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ በባሕረ ሰላጤ አገር ቤተሰቡ ሲተኛ ሥራዋ የማያልቅላት እህት፣ ማታቸው ረጅሙን እንቅልፍ የሚተኙበት ሰዓት ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓትም ይሁን። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ጫት ራሱ አፍ ያደርቃል፤ አብሮት የሚላሰው ስኳርና የሚጠጣው ለስላሳ በደረቀ አፍ ላይ ነው የሚያርፈው። ከበርጫ ተነስቶ ሳይቦርሹ መተኛት ድርብ ጉዳት ነው።

ሕፃናትን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሰዓቱ ከሁሉም የሚከብደው እነሱ ላይ ስለሆነ ነው። ልጅ እራቱን ሳይጨርስ እናቱ ጭን ላይ ይተኛል፤ ማን ይቀሰቅሰዋል? መፍትሔው የመኝታን ሰዓት መጠበቅ አይደለም፤ ከእራት እንደተነሳ፣ ገና ሳያንቀላፋ መቦረሽና ከዚያ ወዲያ ከውሃ በቀር አለመስጠት ነው። ጡጦ በወተት ወይም በስኳር ሻይ አፉ ውስጥ ትቶ ማስተኛት የፊት ጥርሶቹን በጥቂት ወራት ሊጨርሳቸው ይችላል። መቦረሽ የሚጀመረው የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃዋለች፤ ከዚያ በኋላ የአተር ፍሬ። እስከ 7 ዓመት ገደማ ብሩሹን አዋቂ ይያዝ፤ ልጁ ራሱ የጀመረውን አዋቂ ይጨርሰው።

የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ወላጅ እዚህ ላይ ስለ ፍሎራይድ መጠየቁ አይቀርም። በወንጂ አካባቢ በአንዳንድ ጉድጓዶች በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ተለክቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ነው። በልጆቹ ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የመጣው ከዚያ ውሃ ነው። ታዲያ ሳሙናው ይቅር? የጥርሱ ቀለም የሚወሰነው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ ሳለ በተዋጠው ፍሎራይድ ነው፤ ሳሙናው የሚጠቅመው ደግሞ የበቀለውን ጥርስ ከላይ ነክቶ ነው። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ጥንቃቄው መጠኑ ላይና መዋጡ ላይ ይሁን። ሳሙናው ጥቂት ይሁን፣ ልጁ መትፋት እስኪችል አዋቂ ከጎኑ ይቁም፣ ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነው ውሃ ደግሞ ከተቻለ ከሌላ ምንጭ ወይም ከዝናብ ይቀዳ።